መዝገቡ ከመሰረዙ በፊት ባለቤቱ ይስማ

ደብረ ማርቆስ ላይ የጤፍ ዋጋ በመጋዘን በር ላይ ብቻ የሚቆረጥበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ነጋዴው ናሙናውን በመዳፉ ዘግኖ በሞባይሉ ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶውን በቴሌግራም አዲስ አበባ እህል በረንዳ ላለው ደላላ ይልካል። ደላላው ዋጋ ይሰጣል፣ ነጋዴው ይጨመርልኝ ይላል፣ ሁለቱ ይስማማሉ። መኪናው ደጀን ደርሶ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ሳይጀምር ንግዱ አልቋል።

ይሁን እንጂ ሻጭም ገዥም ልብ የማይሉት አንድ ነገር አለ። ጤፉ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከጎጃም ሸዋ ሲገባ፣ የዋጋው መልእክት ግን በአዲስ አበባ በኩል ከአገር ወጥቶ፣ የቴሌግራም ኮምፒውተሮች ካሉበት ባሕር ማዶ ደርሶ ነው የሚመለሰው። እህሉ ከአገር ሳይወጣ የእህሉ ወሬ ባሕር ይሻገራል ማለት ነው።

በመሆኑም መልእክቱ አልሄድ ሲል ነጋዴው «ኔትወርክ የለም» ብሎ የሚያልፈው ነገር ምክንያቱ ብዙ ነው። ፋይበር ሊቆረጥ ይችላል፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት መቋረጡና የገበያው ሰው ወደ ስልክ ጥሪና ወደ ሰው መላክ መመለሱም ይታወሳል። እነዚህን ምክንያቶች ነጋዴው ያውቃቸዋል። የማያውቀው ሌላ ምክንያት ግን አለ። መስመሩ ሳይቆረጥ፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ ማንም ዝጉ ብሎ ሳያዝ፣ ሩቅ አገር በሚገኝ መዝገብ ላይ የነበረች አንዲት አሮጌ መስመር በመሰረዟ ብቻ መልእክት መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

ይህ መዝገብ የኢንተርኔት መንገድ መዝገብ ይባላል። በዓለም ዙሪያ ጊዜ ያለፈባቸውን የመዝገቡን ገጾች የማጽዳት ሥራ ከተጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጽዳቱ አስፈላጊ ስለመሆኑ ብዙ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ከመሰረዙ በፊት ለማን፣ እንዴትና ስንት ቀን አስቀድሞ ይነገር በሚለው ላይ ነው። ጉዳዩ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ መስሎ ቢታይም፣ ኪሳራው ሲመጣ የሚያርፈው በባለ ገንዘቡ ላይ በመሆኑ ለገበያው ሰው ማወቁ የሚበጅ ነው።

የኬላው ዝርዝር

ኢንተርኔት አንድ ባለቤት የለውም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኔትወርኮች ተያይዘው የፈጠሩት ነው። እያንዳንዱ ኔትወርክ ለጎረቤቶቹ «እነዚህ የቁጥር አድራሻዎች እኔ ዘንድ ናቸው፤ ወደ እነርሱ የሚሄደውን ወደ እኔ ላኩ» እያለ ያስታውቃል። ጎረቤት ለጎረቤት እያስተላለፈ ወሬው ዓለምን ያዳርሳል። ችግሩ ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት የሚያጣራ ዳኛ በመካከል አለመኖሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት ብሎ ያወጣው ማስታወቂያ ከድንበር አምልጦ ወጣ። የዓለም ኔትወርኮችም ዩቲዩብ ፓኪስታን ያለ መስሏቸው የደንበኞቻቸውን ጥሪ ወደዚያ ላኩ። ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ከብዙው ዓለም ጠፍቶ ቆየ። በዚያ ጊዜ ማንም ሰርጎ አልገባም፣ ማንም ቁልፍ አልሰበረም። ሐሰተኛ ማስታወቂያ ሲወጣ የሚያመሳክር ስላልነበረ ብቻ የደረሰ ነው።

ለእንዲህ ያለው ነገር ማመሳከሪያ እንዲሆን የተፈጠረው የመንገድ መዝገብ ነው። ከታወቁት አንዱ፣ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የሚገኘው ሜሪት ኔትወርክ እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ያስጀመረው ራዲቢ የተባለው መዝገብ ነው። በአውሮፓም ራይፕ ኤን.ሲ.ሲ. የተባለው የአድራሻ አስተዳዳሪ የራሱ መዝገብ አለው። የኔትወርኩ ባለቤት «ይህ የአድራሻ ክልል በዚህ ኔትወርክ በኩል ይወጣል» ብሎ በመዝገቡ ላይ ያስመዘግባል። ዓለም አቀፍ መስመር የሚያከራዩ ታላላቅ ኩባንያዎች መዝገቡን እየገለበጡ ዝርዝር ያወጣሉ፤ በዝርዝሩ ላይ ያላገኙትን ማስታወቂያ አይቀበሉም።

ነገሩ ከኬላ ጋር ይመሳሰላል። ጭነት የያዘ መኪና ኬላ ሲደርስ ተቆጣጣሪው ሰነዱን ከዝርዝሩ ጋር ያስተያያል። ሰነዱ ከዝርዝሩ ካልገጠመ መኪናው ምንም ያህል ትክክለኛ ጭነት ቢይዝ ይቆማል። ሾፌሩ ሌባ ስላልሆነ አያልፍም፤ የሚያልፈው ስሙ በዝርዝሩ ላይ ስላለ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ

መዝገቡ የሚፈጥረው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያስመዘገበው ሰው ሥራ ይለቃል፣ ኩባንያው ስሙን ይቀይራል፣ አድራሻው ወደ ሌላ እጅ ይዛወራል፤ መዝገቡ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው እዚህ ላይ ለምስጋና አይደለም።

አፍሪካ በዚህ ረገድ የተለየ ታሪክ አላት። የአህጉሪቱ የራሷ አድራሻ አስተዳዳሪ፣ መቀመጫውን በሞሪሸስ ያደረገው አፍሪኒክ፣ ሙሉ ዕውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ነው። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያን ጨምሮ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ያሉ የአፍሪካ አገሮች አድራሻ የሚያገኙት ከአውሮፓው ራይፕ ነበር። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በመሆኑ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ዓመታት የመዝገብ ታሪክ የአውሮፓ ታሪክ ነው። ዛሬም በኢትዮ ቴሌኮም እጅ ካሉት አድራሻዎች መካከል በ213.55 የሚጀምሩት የዚያን ዘመን አሻራ ይዘዋል፤ በ213 የሚጀምረው ቁጥር ለአውሮፓው አስተዳዳሪ የተሰጠ ክልል ነበርና።

አፍሪኒክ ሲቋቋም የአድራሻዎቹ አስተዳደር ወደ እርሱ ተዛወረ። የራሱን የመንገድ መዝገብ የከፈተው ግን ከዓመታት በኋላ ስለነበር የአፍሪካ ኔትወርኮች መንገዳቸውን በአውሮፓው መዝገብ ላይ ማስመዝገባቸውን ቀጠሉ። በመካከሉ በኢትዮጵያም የድርጅቱ ስም ተለወጠ። በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ቀርቶ ኢትዮ ቴሌኮም ተተካ። በዓለም መዝገብ ላይ ግን የአገሪቱ ዋና ኔትወርክ፣ ቁጥር 24757፣ ኢትዮኔት በሚለው የድሮ ስሙ መጠራቱን አልተወም።

ስሙ ባይለወጥ ብቻውን ጉዳት የለውም። ጉዳት የሚኖረው ከስሙ ጎን የሰፈረው የሰው አድራሻ የድሮ ሆኖ ሲቀር ነው።

ቢተውም ዕዳ፣ ቢሰረዝም ዕዳ

የቆየ መዝገብ ሳይነካ ቢተው ምን ይሆናል? ለሌባ በር ይሆናል። አድራሻ በዛሬው ገበያ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። አሮጌው የአራተኛ ትውልድ አድራሻ ስላለቀ አንዱ ቁጥር በአሥር ዶላሮች ቤት ይሸጣል፤ ይከራያልም።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነው የአፍሪኒክ ቅሌት ከ4 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች በመዝገብ ማጭበርበር ከቦታቸው ተነቅለው ተገኝተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ባለቤቶቻቸው የዘነጓቸው፣ ኩባንያዎቹ የፈረሱ ወይም የተሸጡ፣ መዝገቡን የሚከታተል ሰው ያልነበራቸው ነበሩ። በገበያ ዋጋ ሲሰላ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ነው። የመንገድ መዝገብም እንዲሁ ነው። ከዓመታት በፊት ለሌላ ኔትወርክ የተጻፈ ፈቃድ ካልተሰረዘ፣ የዛሬው ሰው በዚያ ፈቃድ ስም የሌላውን አድራሻ ይዞ ኬላውን ሊያልፍ ይችላል።

እንግዲያው አሮጌውን ሁሉ በአንድ ሌሊት መፋቅ ነው? እርሱም አይሆንም። አሮጌ የሚመስለው መስመር ለአንድ ኔትወርክ ብቸኛው ማለፊያው ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ በአዲሱ መዝገብ ላይ ሳያስመዘግብ አሮጌው ከተፋቀ፣ መስመር አከራዩ ኩባንያ በሚቀጥለው ጊዜ ዝርዝሩን ሲያድስ ስሙን አያገኘውም፣ ያግደዋል።

እዚህ ላይ ለነጋዴ ልብ የሚባሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ጉዳቱ በተሰረዘበት ቀን አይታይም። አንዱ ኩባንያ ዝርዝሩን በየቀኑ ያድሳል፣ ሌላው ይዘገያል። መዝገቡ ሰኞ ተሰርዞ ችግሩ በሌላ ሳምንት ሊመጣ ስለሚችል ምክንያቱን ማግኘት ይከብዳል። ሁለተኛ፣ መቋረጡ ሙሉ አይደለም። በአንደኛው መስመር የሚያልፈው ያልፋል፤ በሌላው የሚሄደው ይቀራል። ቴሌግራሙ ይሠራል፣ የገዥው ኢሜይል አይደርስም፤ ባሕር ማዶ የተቀመጠው የሒሳብ ፕሮግራም ይከፈታል፣ የመድን ኩባንያው ገጽ አይከፈትም። ደንበኛው ስልኩን ያጠፋል፣ ያበራል፤ ቴክኒሺያን ይጠራል፤ መስመሩ ደህና ነው ይባላል። መስመሩ በእርግጥም ደህና ነው።

በአገር ውስጥ የሚያልቀው ግብይት ግን ከዚህ ስጋት የተጠበቀ ነው። በቴሌብር ከደብረ ማርቆስ ወደ ፍኖተ ሰላም የሚላክ ብር የአውሮፓን መዝገብ አያቋርጥም። ስጋቱ ድንበር በሚሻገረው ላይ ነው። ከውጭ ዘመድ የሚላክ ገንዘብ በሚመጣባቸው መተግበሪያዎች፣ ማርና ቅባት እህል የሚፈልገው የውጭ ገዥ በሚጽፈው ደብዳቤ፣ አልፎም ከላይ እንደተባለው የጤፉ ዋጋ በሚቆረጥበት ቴሌግራም ላይ ነው።

ሌሎቹ እንዴት አደረጉ?

ራይፕ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 2018 ከክልሉ ውጭ ላሉ አድራሻዎች አዲስ መንገድ መመዝገብ አቆመ። የቀድሞዎቹን አልፋቃቸውም፤ «ያልተረጋገጠ» የሚል ትርጉም ባለው የተለየ ስም ለይቶ አስቀመጣቸው። የአፍሪካ አድራሻዎችን የሚመለከቱት መስመሮች ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ያየ ሁሉ መዝገቡ የተረጋገጠ አለመሆኑን እንዲያውቅ ሆነ፤ ማንም ግን በዚያ ቀን መንገድ አልተዘጋበትም።

ቀጥሎ የመሰረዣው ደንብ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የአድራሻ ባለቤት በምስጢር ቁልፍ የታተመ የኤሌክትሮኒክ ማረጋገጫ ማውጣት ይችላል። አሮጌው መስመር ከዚህ ማረጋገጫ ጋር ለ7 ቀናት ሳይቋረጥ ከተጋጨ ይሰረዛል፤ ከመሰረዙ በፊት ግን በመስመሩ ላይ ለሰፈሩት አድራሻዎች ማስታወቂያ ይላካል። የመጨረሻው ቃል በዚህ መንገድ ለአድራሻው ትክክለኛ ባለቤት ተሰጠ።

የሰሜን አሜሪካው አሪን ሌላ መንገድ ያዘ። ያልተረጋገጠውን መዝገቡን ጠቅልሎ ለመዝጋት ወሰነ፤ ነገር ግን ቀኑን አስቀድሞ አሳወቀ፣ ተጠቃሚዎች ጊዜ ይጨመርልን ሲሉም ቀነ ገደቡን አራዘመ። መዝገቡ የተዘጋው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2022 ነው። ይህን ያህል ጊዜ ተሰጥቶም እስከ መጨረሻዋ ሰዓት መዝገባቸውን ያላዛወሩ ነበሩ። ማስታወቂያው ያልወጣ ሆኖ ሳይሆን የወጣው ማስታወቂያ ሥራው ከሚመለከተው ሰው ጠረጴዛ ስላልደረሰ ነው።

ነጋሪት የሚጎሰመው የት ነው?

በጎጃም ገበያ ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በድሮው ዘመን አዋጅ የሚነገረው በገበያ ቀን ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፤ አዋጅ ነጋሪው የሰማህ ላልሰማ አሰማ ይላል። ቀኑ ገበያ የሆነው በከንቱ አይደለም፤ ሰው ያለው በዚያ ቀን በዚያ ቦታ በመሆኑ ነው። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕግ የሚወጣበት ጋዜጣ ነጋሪት መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው። አዋጁ በሌሊት፣ ባዶ ሜዳ ላይ ቢነገር ኖሮ ተነግሯል ሊባል ባልቻለ ነበር።

የቅርብ ጊዜው ምሳሌ ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ደጃፍ ያለው የመሬት መዝገብ ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ በስዊድን ድጋፍ ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ በጎዛምን ወረዳ የሚገኘው አዲስና ጉሊት ቀበሌ ነበር። ገበሬው የይዞታ ደብተር ተሰጠው። ነገር ግን አባት ሲሞት፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ መሬት በስጦታ ሲተላለፍ መዝገቡ አብሮ ካልታደሰ ደብተሩ ሌላ፣ እርሻው ሌላ ይሆናል። በኋላ በካርታ የተደገፈው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ሲመጣ አዲሱ መረጃ ከመጽደቁ በፊት ካርታውና የስም ዝርዝሩ በቀበሌው ለሕዝብ እንዲታይ፣ ቅሬታ ያለውም እንዲያቀርብ የሚያደርግ ሥርዓት ተያዘ። ማስታወቂያው ወደ ወረዳ ፋይል ብቻ አልሄደም፤ ማሳው ያለበት ሰው ቆሞ ወደሚያየው ሰሌዳ ወጣ።

የኢንተርኔቱ መዝገብ ነጋሪት ግን ኢሜይል ነው። ኢሜይሉ የሚሄደው በመዝገቡ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ ነው። ያ አድራሻ ከአሥር ዓመት በፊት ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ ከሆነ፣ ወይም ዛሬ ማንም የማይከፍተው ሳጥን ከሆነ፣ ማስታወቂያው ተልኳል፤ አልተሰማም። መዝገብ ጠባቂው ግዴታዬን ተወጥቻለሁ ይላል፤ ባለመዝገቡም አልሰማሁም ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ኬላው ላይ የሚቆመው ግን የነጋዴው ዕቃ ነው።

ይህም በመሆኑ የማስታወቂያ ጥቅሙ የሚለካው በተላከበት ቀን ብዛት ብቻ አይደለም። ለማይኖር ሰው የተሰጠ የ90 ቀን ማስታወቂያ በሥራው ላይ ላለ ሰው ከተሰጠ የ7 ቀን ማስታወቂያ ያነሰ ነው። በአፍሪካ ነገሩን የሚያከብደው ራሱ መዝገብ ጠባቂው መናጋቱ ነው። አፍሪኒክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሞሪሸስ ፍርድ ቤቶች በክስ ተወጥሮ፣ በ2022 ቦርዱ ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ፣ በ2023 በፍርድ ቤት በተሾመ ጠባቂ ሥር ገብቶ፣ አዲስ ቦርድ የተመረጠለት በሴፕቴምበር 2025 ነው። አስተዳደሩ ራሱ እንዲህ ሲናጋ በቆየ መዝገብ ላይ ባለመዝገቡ ማስታወቂያ እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም።

የነጋዴውና የባለሀብቱ ድርሻ

የኢትዮጵያ ገበያ ለረጅም ዘመን አንድ ኦፕሬተር ብቻ ስለነበረው ደንበኛው የሚጠይቀውም አልነበረም። ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት በመጀመሩ ኦፕሬተሮቹ ሁለት ሆነዋል፤ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣንም በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቁሟል። ይህ ለደንበኛው የመጠየቅ አቅም ይሰጠዋል።

መዝገቡን የማደሱ ሥራ የኦፕሬተሩ ነው። ነገር ግን የራሱ የአድራሻ ክልል ያለው ባንክ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ድርጅት ራሱም ባለመዝገብ ነው። መስመር ተከራይቶ ለሚሠራ ላኪ፣ ለፋብሪካ ባለቤትና ለትራንስፖርት ማኅበር ደግሞ ውል ሲፈረም ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃዋል። የምንጠቀምበት አድራሻ በአፍሪኒክ መዝገብ ላይ በትክክለኛው ኔትወርክ ስም ሰፍሯል ወይ? የኤሌክትሮኒክ ማረጋገጫው ወጥቷል ወይ? በመዝገቡ ላይ ያለውን ኢሜይል ዛሬ ከፍቶ የሚያነበው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም ሌሎቹን ሁለቱን የሚያድነው እርሱ ነው። መልሱ የአንድ ሰው ስም ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ ያ ሰው ሥራ ሲለቅ ማስታወቂያውም አብሮት ይሄዳልና። የመሥሪያ ቤት ሳጥን፣ ሁለት ሦስት ሰው የሚያየው መሆን አለበት።

ወጪው አያስፈራም። አዲስ ፋይበር አይዘረጋም፣ ማማ አይተከልም፣ የውጭ ምንዛሪ ለዕቃ ግዥ አይጠየቅም። ባለሙያ ተቀምጦ አሮጌውን ከአዲሱ የሚያስተያይበት ጊዜ ነው የሚያስፈልገው። የንግድ ፈቃድ እድሳት ወቅት ሲደርስ ቀን ቆጥሮ የሚሰለፍ ነጋዴ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ይህንንም መጠየቅ አይከብደውም።

መዝገብ ጠባቂዎቹም የሚጠበቅባቸው አለ። ኢሜይሉ መልስ ካላገኘ በስልክ፣ በመስመር አከራዩ ኩባንያ በኩል፣ በአገሩ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኩል ባለቤቱን መፈለግ፤ ከመፋቃቸው በፊት መስመሩ ዛሬም እየተሠራበት መሆኑን ማየት፤ ከፋቁም በኋላ ስህተት ከተገኘ በፍጥነት የሚመለስበትን በር ክፍት መተው። በየቀኑ ዕቃ እያለፈበት ያለ መንገድ በመዝገብ ላይ አሮጌ ስለሆነ ብቻ የሞተ ነው አይባልም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገሩ ሰው። መስመሩ ከተፋቀ በኋላ የሚደርስ ማስታወቂያ፣ ጭነቱ ኬላ ላይ ከቆመ በኋላ የሚፈለግ ሰነድ እንዲሁ ነው። የደብረ ማርቆሱ ነጋዴ የመዝገቡን ቁጥር ማወቅ አይጠበቅበትም። መስመሩን ያከራየው ወገን ግን ነጋሪቱ ሲጎሰም የሚሰማ ሰው ማስቀመጡን ማወቅ አለበት።